መልስ፦ ለጥምቀት ሰሞን ሁለታችንም ፈቃድ ጠየቅን

እህቴ፣ አንቺም ባልደረባሽም ከጥር 10 እስከ 12 ፈቃድ ስትጠይቁ ሥራ አስኪያጁ «እናንተው ተስማሙ» ብሎ መተዉ አግባብ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፈቃድ ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ የሠራተኛውን ፍላጎትና የሥራውን ሁኔታ አመዛዝኖ።

እኔም እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሠርቻለሁ። የከተራ ዕለት የእንግዳ መቀበያው በሻንጣ ተሞልቶ መተላለፊያ ይጠፋል፤ በዚያ ቀን ሁለት ሰው በአንዴ ሊጎድል አይችልም። እኛ ቀኑን ተካፈልነው፦ አንዳችን ከተራ ታቦቱን እስከ ፋሲል መዋኛ አጀብን፣ ሌላችን ቃና ዘገሊላን ወጣን። ጥር 11 የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከፈቃድሽ እንዳይቀነስ ተከታተዪ።

ይህንኑ ክፍፍል በጽሑፍ አድርጋችሁ አብራችሁ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግቡ። ባልደረባሽን ግን፣ እባክሽ፣ አትቀየሚያት፤ እሷም በዓሉ ናፍቋት ነው።