እናትዎን ጎርጎራ ለመውሰድ ለጠየቁት እህታችን

እህቴ፣ ስትሮክ ያገኛቸውንና በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን እናትዎን ለገና ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር እንደሚያመጧቸው፣ ጎርጎራ ወርደውም ጣናን ሊያሳዩአቸው እንደሚፈልጉ፣ «ቦታው ይመቻቸው ይሆን?» ብለው መጠየቅዎንም አነበብሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጎንደር መምህር ነኝ፤ ስትሮክ ግራ ጎኔን ስለ ወሰደብኝ ቤት ውስጥ በከዘራ፣ ከደጅ ደግሞ በዊልቸር እሄዳለሁ። ጎርጎራ ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ቀብዴንና የክርን ቆዳዬን አስከፍሎኛል። የእናትዎ ሁኔታ ከእኔ እንደማይለይ በመገመት እነሆ እጽፍልዎታለሁ።

1. ጊዜውን ደኅና መርጠዋል። የጣና ውኃ የሚሞላው ክረምቱ ሲያልቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ ያኔ ዳርቻው ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ውኃው ሸሽቶ በመኪና መድረሻውና በሐይቁ መካከል ብዙ ወጣ ገባ መሬት ይተዋል። በታኅሣሥና በጥር ግን መሬቱ ደርቆ፣ ውኃውም ገና ሳይርቅ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዳርቻው ላይ ቢሆኑ መልካም ነው። የመንገዱን ሰላም በዋዜማው ጠይቀው ይነሡ፤ ሳይመሽም ይመለሱ።

2. በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ሲሄዱ ከጎንደር ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኮንትራት መኪና ሲይዙ ላንድክሩዘር አያምርዎት። ከዊልቸር ወደ መኪና ለሚዛወር ሰው ከፍታው ግድግዳ ነው፤ የመቀመጫው ቁመት ከዊልቸሩ ጋር የሚቀራረብ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትሻላለች። መንገድ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ እናትዎን ትንሽ ከፍ እያደረጉ ያስተካክሏቸው፤ በአንድ ወገን ተቀምጦ መዋል ቆዳ ያቆስላል፣ ያልዳነ ጎን ደግሞ ሕመሙን አይናገርም።

3. ማደሪያ ሲይዙ «ይመቻል ወይ?» ብለው በፍጹም አይጠይቁ። የእኔ ጥፋት ይህ ነበር። ልጄ ስልክ ደውሎ «አባቴ በዊልቸር ነው የሚሄደው፣ ይመቻል?» ሲል «ምንም ችግር የለውም፣ ይምጡ» የሚል መልስ አገኘና የሁለት ሌሊት ቀብድ ላከ። ስንደርስ ክፍሉ ያለው ቁልቁል ወርዶ ነው፤ ከመኪናው እስከ በሩ 19 የድንጋይ ደረጃ ቆጠርሁ። የመጸዳጃ ቤቱ በር 58 ሴንቲ ሜትር፣ የእኔ ዊልቸር ግን 64 ሴንቲ ሜትር ነው። አስተናጋጁ ልጅ ከልቡ አዝኖ «አባባ፣ እኛ እንሸከምዎታለን» አለኝ፤ ለእርሱ «ችግር የለውም» ማለት ይህ ነበር። በሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው ቀስቅሶ መሸከም እንዴት «ችግር የለውም» ይባላል?

ኃላፊው ግን እንደ ልጁ አልነበረም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙ ሰዎችም መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው እንደሚያዝ ስነግረው «አባት፣ ይህ እኮ ገጠር ነው» ብሎ ሳቀ፤ ቀብዱንም አልመልስም አለ። ጎንደር ተመልሼ አቤት ልል የሄድሁበት መሥሪያ ቤት ጉዳዩን የሚመለከተው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆነ፤ ሊፍት የለም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሠራተኛዋ ወርዳ መጣች፤ እኔን ከላይ ዐይታ ለልጄ «ምን ፈልገው ነው?» አለችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማርሁት ሰውዬ በሦስተኛ መደብ ተነገረልኝ! እግሬ እንጂ አንደበቴ እንዳልታመመ በተገቢው ሰዋስው አስረዳኋት። ቀብዱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አልጋው ስንት ደረጃ እንዳለ፣ የመኝታውና የመጸዳጃው በር ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ የመጸዳጃው መቀመጫ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል። ሜትር ይዘው ለክተው ፎቶ እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ለመለካት በሰነፈ ቤት ባያድሩ ይሻላል፤ እኔ በኋለኞቹ ጉዞዎች ሳላድር ደርሶ መልስ አድርጌዋለሁ።

4. መሸከም ግድ ሲሆን። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አራት ጎበዛዝት ወደ ጀልባው ሊያወጡኝ ዊልቸሩን በክንድ ማሳረፊያው ያዙና አነሡ። ማሳረፊያው ተነቃይ ነው፤ ተነቅሎ በአንደኛው እጅ ቀረ፣ እኔም በክርኔ ጠጠሩ ላይ አረፍሁ። የጀልባ ትኬት የሚቆርጠው ሰው ይህን እያየ «ለሚደርሰው ኃላፊነት አንወስድም» ከማለት በቀር ከወንበሩ አልተነሣም። የሚያዘው የማይነቀለው ብረት ነው፤ ይህንም ከመነሣታቸው በፊት እርስዎ በእጅዎ እየነኩ ያሳዩአቸው፣ ፍሬኑንም ይያዙ።

ጠጠርና አሸዋ ላይ የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎች ስለሚቀበሩ ዊልቸሩን አዙረው፣ ትልልቆቹን ጎማዎች አስቀድመው ወደ ኋላ ይጎትቱ። ለሁለተኛው ጉዞ እኔ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆኑ አራት ጣውላዎች አስቆርጬ ሄድሁ፤ ሁለቱ ላይ ስሄድ ልጄ የኋለኞቹን እያነሣ ከፊት ያነጥፋል፤ እንዲህ እያልን ውኃው አፍ ድረስ ደረስሁ። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ቆመው አዩኝ፤ እኔም እንደ ንጉሥ ተቀምጬ አየኋቸው።

እናትዎ እግራቸውን ውኃ ውስጥ መንከር ያምራቸዋል፤ እኔንም አምሮኝ ነበር። ጣና ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለበት፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፣ የትሉ እጭም በቆዳ ይገባል። እኔ ከጎንደር በጀሪካን በወሰድሁት ውኃ ሐይቁን እያየሁ እግሬን ታጠብሁ፤ ልጄ ቢስቅም አልተከፋሁም።

ደብረ ሲና ማርያም ከወደቡ ሩቅ አይደለችም። ዝነኞቹ ሥዕሎች የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ስለሆኑ ለማየት ወደ ውስጥ መዝለቅ ይጠይቃል፤ እኔ ከግቢው ተሳልሜ ተመልሻለሁ። የአፄ ሱስንዮስን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግን ይተዉት፣ በጀልባ ደርሰው ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ መውጣት አለበት።

ጣውላዎቹ ቤቴ ቆመው አሉ። ጎንደር ሲደርሱ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝና ልጄ ሆቴልዎ ድረስ ያመጣልዎታል፤ ከጥምቀት በኋላ እኔም ስለምወርድ እስከዚያ ቢመልሱልኝ ይበቃል።