መብራት ላይ የሚያርፈው የእሳት እራት የመጤ ተምች ነው?

ጥያቄ፦ በቆሎዬ ጉልበት ደርሷል። ማታ ማታ መብራት ላይ ግራጫ የእሳት እራቶች እያረፉ ነው። የመጤ ተምች መሆናቸውን በምን አውቃለሁ? መድኃኒት አሁኑኑ ልርጭ?

መልስ፦ የመጤ ተምች ትሉ በቆሎን የሚያጠቃ ተባይ ነው፤ ትሉ ሲያድግ የሚሆነው የእሳት እራት ክንፎቹ ሲዘረጉ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይሰፋሉ። የወንዱ የፊት ክንፍ ግራጫና ቡናማ ዝንጉርጉር ሲሆን ጫፉ አካባቢ ባለው ነጭ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይታወቃል። ሴቷ ግን ይህ ምልክት ጎልቶ ስለማይታይባት ከአፍሪካ ተምችና ከሌሎች ዘመዶቿ ለመለየት ባለሙያንም ታስቸግራለች። እንቁላል የምትጥለው ደግሞ እሷው ስለሆነች፣ መብራት ላይ ባዩት ብቻ እንዳይወስኑ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።

እርግጠኛው ምልክት ያለው ማሳው ውስጥ ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩ ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ እንቁላሎች በአንድ ላይ ተከምረው፣ ከእናቲቱ ገላ በረገፈ ግራጫ ብናኝ ተሸፍነው ሊያገኙ ይችላሉ። ትሉን ካገኙ ግንባሩን ይመልከቱ፤ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ «ዋይ» (Y) ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ በጅራቱ በኩል ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ቅርጽ ተደርድረው ይታያሉ። አድጎ እነዚህን ሁለቱን ካሳየዎት የመጤ ተምች ነው።

የተባዩ መገኛ የአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካ ከታየ በኋላ በ2017 ኢትዮጵያ፣ በ2018 ሕንድ፣ በ2020 ደግሞ አውስትራሊያ ደርሷል። ብርድን አሸልቦ የሚያሳልፍበት ጠባይ ስለሌለው የቆየ ውርጭ ይፈጀዋል፤ በዩናይትድ ስቴትስ የብርዱን ወራት የሚተርፈው በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ ቢሆንም፣ በነፋስ እየታገዘ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ስለሚችል በሞቃቱ ወራት ካናዳ ይደርሳል። ውርጭ በሌለበት፣ በቆሎም ዓመቱን ሙሉ በሚገኝበት አካባቢ ግን ሳያቋርጥ ይራባል። ስለዚህ ማሳዎ ዛሬ ንጹሕ መሆኑ ለሚቀጥለው ሳምንት ዋስትና አይሆንም።

የእሳት እራቱ ራሱ ቅጠል አይበላምና አሁን አይርጩ። በሳምንት ሁለት ጊዜ በማሳው አምስት ቦታ አሥር አሥር ተክል ይፈትሹ፤ እንቁላሉ በሞቃት አየር በሁለት ወይም በሦስት ቀን ስለሚፈለፈል ያገኙትን ወዲያው በጣትዎ ይጨፍልቁት። ትሉ ከበዛ፣ ከሃምሳው ስንቱ እንደተጠቃ ቆጥረው ለቀበሌዎ የልማት ሠራተኛ ይንገሩ። ርጭት የግድ ከሆነም ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ወደ በቆሎው እምብርት አቅንተው ይርጩ፤ ካደገ በኋላ በራሱ ኩስ ተከልሎ እምብርቱ ውስጥ ስለሚመሸግ መድኃኒቱ አይደርሰውም።