ሐረር ያለው «የራምቦ ቤት» የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረር ሄጄ ጀጎል (በግንብ የታጠረችው አሮጌ ከተማ) ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባለውን አየሁት፣ በጣም ነው የወደድኩት። ግን ከሐረሪ ቤቶች ጋር ምንም አይመሳሰልም። እውነት ፈረንሳዊው ገጣሚ ነው ያሰራው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዓይንሽ አልተሳሳተም። ራምቦ አላሰራውም፣ አልኖረበትምም። ሐረር የገባው በ1880 (እ.ኤ.አ.) ኤደን ላይ ቢሮ ለነበረው የፈረንሳይ ድርጅት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው፣ በ1891 ማርሴይ ላይ ሞተ፣ ይሄ ቤት ደግሞ እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ የሰራው ነው። ስሙ ብቻ ተጣብቆበት ቀረ፣ እኔን ሁሌም የሚቆጨኝም ይሄ ነው፣ የሰራው ሰው ተረስቶ ያላደረበት ሰው ባለቤት ሲባል።

አለመመሳሰሉ የመጣው እንዲህ ነው። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያዞረው፣ ከመንገድ የሚታይሽ ግንብና በር ብቻ ነው፣ ግቢውን አልፈሽ ስትገቢ ነው ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ)፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሰፌዶች፣ ቀይ የተቀባው ወለል የሚመጣው (ቀዩ ጨለንቆ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ)። ምኒልክ በ1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ሲይዙ የህንድ ነጋዴዎች ተከትለው መጡ፣ እነሱ የሰሩት ደግሞ ባለ አንድ ፎቅ አራት ማዕዘን ቤት ሆኖ የእንጨት ሰገነቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ ነው። ለነጋዴ መታየት ጥሩ ነው መቼም! በኋላ ሐረሪዎችም ሰገነቱን ወስደው ከራሳቸው አሰራር ጋር ቀላቀሉት፣ ስለዚህ ዛሬ ጀጎል ውስጥ ሦስት ዓይነት ቤት ታያለሽ፣ የሐረሪ፣ የህንድ፣ እና የሁለቱ ቅልቅል። ዩኔስኮም በ2006 ከተማዋን ሲመዘግብ ይህንን ቅልቅል ጠቅሶታል።

እዛው አካባቢ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት፣ አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት፣ እሱም የህንድ ነጋዴ ስራ ነው።

ሌላ ጊዜ ስትሄጂ «መኪና ግርግር» በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በኩል ግቢ፣ የልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ እየተከተለሽ። የራምቦ ቤት ፎቅ ስትወጪ መጀመሪያ ቀና ብለሽ ጣሪያው ላይ ያለውን ስዕል እዪው፣ ከዛ ባለ ቀለም መስታወት ያለው መስኮት ጋ ቁሚ፣ ፀሐይ ካገኘሽ ቀለሙ እንጨቱ ወለል ላይ ያርፍልሻል።