የትናንቱ ልብ ወለድ በዛሬ ሚዛን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
(ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እየተሰበሰብን የምናነብ ጓደኛሞች ነን። በቅርቡ የአሜሪካዊውን ደራሲ የጄምስ ባልድዊንን «ጆቫኒስ ሩም» አንብበን አልተስማማንም። ወጣቶቹ «ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን ርካሽና ሟች አድርጎ የሳለ መጽሐፍ ዛሬ ሊመሰገን አይገባውም» ይላሉ። ታላላቆቻችን ደግሞ «የ1956 መጽሐፍ ነው፤ ዘመኑ ነው» ብለው ይዘጉታል። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ በመጨረሻው እንጀምር። ገጸ ባሕርይ መሞቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህም ሰብለወንጌልም ይሞታሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅራቸውን ኮነኑ የሚል አንባቢ ግን አልገጠመንም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ያ መጽሐፍ የከሰሰው ሥርዓቱን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሞተ ወይስ ዳነ?» ሳይሆን «ሞቱ ማንን ይከሳል?» ይሁን። ታሪኩ የሚሆነው ፓሪስ ነው፤ ጆቫኒ በጊሎቲን (አንገት በሚቆርጠው መሣሪያ) የሚቀጣው ስላፈቀረ አይደለም፤ ያዋረደውንና ከሥራ ያባረረውን የቡና ቤት ባለቤት ጊዮምን ስለገደለ ነው። ፈረንሳይ ይህን ፍቅር ከወንጀል ዝርዝር ያወጣችው በ1791 ነውና «ፍቅሩ አስገደለው» የሚለው ንባብ ከነአካቴው ስሕተት ነው። መጽሐፉ ጣቱን የሚቀስረው ፈርቶ ጥሎት በሄደው በፍቅረኛው በዴቪድ ላይ ነው።

ቀጥሎ ተራኪው ይመርመር። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የሚነግረን ራሱን የሚጠላው ዴቪድ ነው። ሁለት ዓይነት ቀለም እርሳስ ያዙ። በአንዱ ዴቪድ ሰው የሚንቅባቸውን ቦታዎች አስምሩ፤ በሌላው ደግሞ አንድ ገጸ ባሕርይ ወይም አንድ ድርጊት ዴቪድን ሐሰተኛ የሚያደርግባቸውን። ለምሳሌ ዴቪድ የሚጸየፈው ሽማግሌው ዣክ፣ በመጀመሪያው ክፍል፣ ጆቫኒን ሳያፍር እንዲወደው ይመክረዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቅን ምክር የለም። ሁለተኛው ቀለም ባለበት ቦታ ንቀቱ የዴቪድ ነው። ሁለተኛው ቀለም በጠፋበት ቦታ ግን ወቀሳው ወደ ደራሲው ይሻገራል። ቡና ቤቱ ውስጥ እንደ ሴት የሚለብሱትና የሚናገሩት ወንዶች ከእንስሳ ጋር ተነጻጽረው ያልፋሉ፤ መልስ የሚሰጡበት አንድ ገጽ እንኳ አላገኙም። እዚህ ላይ ወጣቶቻችሁ ትክክል ናቸው፤ የመጽሐፉ ታላቅነት ይህን አይሽረውም።

«ዘመኑ ነው» ለሚሉት ደግሞ አንድ ሥራ እንሰጣለን፦ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ መጽሐፍ አምጡና አስተያዩ። ለምሳሌ 1952ን እንውሰድ። በዚያ ዓመት ማሪጄን ሚከር፣ ቪን ፓከር በሚል የብዕር ስም፣ ስለ ሁለት ሴት ተማሪዎች ፍቅር «ስፕሪንግ ፋየር» የተባለ ርካሽ የኪስ መጽሐፍ አሳተመች። እነዚህ መጻሕፍት በፖስታ ስለሚጓዙ፣ ፍጻሜው ደስተኛ ከሆነ የፖስታ ተቆጣጣሪዎች ይወርሱታል ብሎ አርታኢዋ አስጠነቀቃት። በውጤቱም አንደኛዋ ታብዳለች፣ ሌላዋ ከቶም አላፈቀርኳትም ትላለች። በዚያው ዓመት ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ፣ ክሌር ሞርጋን በሚል ስም፣ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት»ን በጠንካራ ሽፋን አወጣች። በእሱ አንደኛዋ ሴት ልጇን የማሳደግ መብት ብታጣም ሁለቱ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ዓመቱ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ፍጻሜው ለየቅል። እንግዲህ «ዘመኑ» ከማለት በፊት አሳታሚው ማን ነበር፣ መጽሐፉ በምን መንገድ ይሸጥ ነበር፣ ደራሲው በስሙ ነው ወይስ በብዕር ስም የጻፈው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሃይስሚዝ በገዛ ስሟ ያሳተመችው በ1990 ነው። ባልድዊን ግን ከመጀመሪያው በስሙ ነው የወጣው፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያሳተመው ክኖፕፍ ይህኛውን አልቀበልም ስላለ ዲያል ፕሬስ አሳተመለት። ይህን ድፍረት ሚዛን ላይ ያላኖረ ፍርድ ጎዶሎ ነው።

ጥያቄ፦ የጎር ቪዳልን «ዘ ሲቲ ኤንድ ዘ ፒላር» ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዛሁ። ጓደኛዬ በቴሌግራም ያገኘው ፒዲኤፍ ግን መጨረሻው ከእኔው ይለያል። የትኛው ነው ትክክለኛው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ሁለቱም የደራሲው ናቸው። በ1948ቱ እትም ዋናው ገጸ ባሕርይ ጂም ከልጅነቱ ያፈቀረውን ጓደኛውን ቦብን ይገድለዋል። ቪዳል በ1965 አሻሽሎ ሲያሳትመው ግድያው ቀርቶ ጂም ቦብን አስገድዶ ይደፍረዋል። የባለመብትነት ገጹን ተመልከቱ፤ እዚያ 1948ን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ያሳስታል፣ የተሻሻለውም እትም የመጀመሪያውን ዓመት ሊጠቅስ ይችላልና 1965ን ፈልጉ። የስልክ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ የፊት ገጾቻቸው ተቆርጠው ነው የሚዞሩት። ያኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ ማየት ነው፦ ቦብ ከሞተ ጽሑፉ የ1948 ነው። በ1965ቱ ጽሑፍ የ1948ን ደራሲ መውቀስም ማመስገንም አይቻልም። በእኛ ግምት ማሻሻያው ቋንቋውን አጥርቶታል፤ ከጭካኔው ግን አላዳነውም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የተጻፈበትን ዓመትና የታተመበትን ዓመትም ለዩ። የኢ. ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» ሽፋኑ ላይ 1971 ቢልም የተጻፈው በ1913 እና በ1914 ነው። ፎርስተር ፍጻሜው ደስተኛ እንዲሆን ቁርጥ አድርጎ ወስኖ ስለነበር፣ እንግሊዝ የወንዶችን ፍቅር የሚቀጣውን ሕጓን እስካሻሻለችበት እስከ 1967 ድረስ ማሳተም የማይታሰብ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣውም እሱ ከሞተ በኋላ ነው። «ለ1971 ፈሪ መጽሐፍ ነው» የሚል ሰው የሚፈርደው በሌለ መጽሐፍ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለፊልም የሚሠራበትን የቪቶ ሩሶ መመዘኛ ለድሮ ልብ ወለድ ብጠቀምበትስ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ መመዘኛውን ያወጣው፣ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎች በመገናኛ ብዙኃን እንዴት እንደሚሳሉ የሚከታተለው ግላድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 ነው፤ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ገጸ ባሕርዩ ማንን እንደሚያፈቅር በግልጽ ይታወቃል? ከዚያ ውጭ ሌላ ማንነት አለው? ቢወጣስ ታሪኩ ይናጋል? በኦስካር ዋይልድ «ዶሪያን ግሬይ» ላይ እንሞክረው። የዶሪያንን ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊው ባዚል ሥራውና ኅሊናው የሚታወቅ ሰው ነውና ሁለተኛውን ያልፋል። እሱ ከሌለ ሥዕሉም ታሪኩም የለም፤ ሦስተኛውንም ያልፋል። የሚወድቀው በመጀመሪያው ነው። ጽሑፉ በ1890 በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት አርታኢው ባዚል ለዶሪያን ያለውን ፍቅር የሚያሳዩ ቃላትን ቆርጦለታል፤ ለ1891ዱ መጽሐፍ ደግሞ ዋይልድ ራሱ የባዚልን ንግግር አለዘበ። ያም ሆኖ ከወንዶች ጋር ስላለው ግንኙነት በ1895 በተነሣው የፍርድ ቤት ክርክር የመጽሔቱ ጽሑፍ ተጠቀሰበት። ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች በአንድ ውጤት አትደምሩ፤ መጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሲወድቅ ማን ነው የቆረጠው ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቆረጥ በፊት የነበረው ጽሑፍ በ2011 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስለታተመ ማስተያየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ስለ አፍሪካ ልብ ወለዶችስ ምን ትላላችሁ? (ከሰበታ)

መልስ፦ የዛሬው ሚዛን በጣም የሚጠቅመው እዚህ ነው። በናይጄሪያዊው በዎሌ ሾይንካ «ዘ ኢንተርፕሪተርስ» (1965) ወንድ አፍቃሪው ጆ ጎልደር አሜሪካዊ ነው፤ ኖህ የተባለው ወጣት እሱን ፈርቶ ከፎቅ ወድቆ ይሞታል። ለምን የውጭ ሰው ብቻ? የአማ አታ አይዱ «አወር ሲስተር ኪልጆይ» (1977) ውስጥ ጋናዊቷን ሲሲን የምትቀርባት ማሪያ ጀርመናዊት ብትሆንም፣ የሲሲ አሳብ ወደ ጋናው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ነገሩ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ደራሲዋ ታውቃለች። በጁድ ዲቢያ «ዎኪንግ ዊዝ ሻዶውስ» (2005) ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ራሱ ሌጎስ የሚኖር ናይጄሪያዊ ባለትዳር ነው። ሦስቱን በዓመታቸው ቅደም ተከተል አንብቧቸው፤ ጊዜ ካጠረ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበቡ።