ያለቀ ጥርስ በሞረድ አይድንም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በችኮላ የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ወንድማችን ከአባቱ የቀረ ማካሮቭ ሽጉጥ አለው፤ ፈቃዱንም በስሙ አዙሯል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቃታው ተስቦ ሲለቀቅ አንዳንዴ ወደ ቦታው አይመለስም፣ በጣት መግፋት ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባዶውን ሲያቀባብለው መዶሻው ቆሞ መቅረት ሲገባው አብሮ ወረደ። አንድ ጓደኛው "እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የማውቀው ብረት ሠራተኛ አለ፣ ትንሽ ሞረድ ሲያስነካው ይስተካከላል" ብሎታል። ላስሞርደው ወይ ነው ጥያቄው።

እንዳታስሞርደው።

እኔ 11 ዓመት መሣሪያ ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ አዳማ ቶርኖ ቤት ነው ያለኝ፤ መሣሪያ አልነካም። ግን ያ ሥራ ከእጄ አልወጣም፤ የአንተን ጽሑፍ ሳነብ ብረቱ እጄ ላይ ያለ ነው የመሰለኝ።

ከሁሉ በፊት ሽጉጡን ወገብህ ላይ ማድረግ አቁም፤ ከዛሬ ጀምሮ። ቃታው አለመመለሱ ያበሳጫል እንጂ ብቻውን ሰው አይገድልም። ሲቀባበል መዶሻው አብሮ መውረዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥይት ቢኖርበት ቃታውን ሳትነካው ሊባርቅ ይችላል ማለት ነው።

ስታራግፈው ቅደም ተከተሉን አትሳት። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረህ የላይኛውን ብረት ሳብ። ካዝናው ሳይወጣ ከሳብከው አንዷን ጥይት ታወጣና ሌላዋን ታጎርሰዋለህ። ከዚያ ካዝናውን አውጥተህ "ባዶ ነው" ብለህ ታስቀምጣለህ። ይቺ ስህተት ስንት ቤት አስለቅሳለች! ከሳብከው በኋላ ውስጡን በዓይንህ እይ፤ ጨለማ ከሆነ ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳብሰው። ጥይቱን ሌላ ክፍል ውሰደውና ከዚያ በኋላ ተመለስ።

አሁን ወደ ሕመሙ። የማካሮቭ ጥሩነቱ ዕቃው ጥቂት መሆኑ ነው። የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቀበለው አንዱ ምክንያት ይኸው ቀላልነቱ ነበር። እጀታው ውስጥ አንዲት ጠፍጣፋ ሞላ አለች፤ ሦስት ሥራ ትሠራለች። አንዱ ሰፊ ክንፏ መዶሻውን ይገፋል። ቀጭኑ ክንፏ ቃታውን ወደ ፊት ይመልሳል። የታችኛው ጫፏ ደግሞ ካዝናውን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ ቃታ አልመለስ ሲል መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን ቀጭን ክንፍ ነው፦ ደክሟል፣ ጎብጧል ወይም ተሰንጥቋል። ካዝናህም ሲነካ የሚላላ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ይሄን አይተህ ንገረኝ።

የመዶሻው መውረድ ግን የሞላ ብቻ አይመስለኝም። መዶሻው ላይ አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ከኋላ ደግሞ እዚያ ውስጥ ገብቶ መዶሻውን የሚይዝ ጥርስ አለ። ቃታው ሲሳብ ጥርሱ ይነሳል፣ መዶሻው ይለቀቃል፣ መርፌውን ይመታል፣ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል። ሁለቱ ብረቶች የሚያያዙት በጣም ጠባብ በሆነ ጠርዝ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የሚያደርግ ማካሮቭ ፈትቼ ጥርሱን በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። ስለት መሆን የነበረበት ጠርዝ ግማሹን እንዳለቀ ሳሙና ድቡልቡል ብሏል፤ ያለቀው ቦታ ብቻ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሌላው ጥቁር ነው። ያቺን የምታበራ መስመር አንዴ ካየሃት አትረሳትም።

ሳትፈታው ቤትህ ልትሞክረው ትችላለህ። ባዶ መሆኑን ደግመህ አረጋግጥ። መዶሻውን በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ አቁመው። ቃታውን ሳትነካ መዶሻውን ከኋላው በአውራ ጣትህ ወደ ፊት ግፋው። ከወረደ ጥርሱ ወይም ጎድጓዳው አልቋል፣ ጨዋታ የለውም። ካልወረደ ደግሞ ቃታውን ስበህ እንደያዝክ የላይኛውን ብረት ሳብና ልቀቀው። መዶሻው ቆሞ መቅረት አለበት። ቀስ ብለህ ቃታውን ስትለቅ "ቀጭ" የሚል ነገር ጣትህ ላይ ይሰማሃል። ደግመህ ስትስብ መዶሻው ይወርዳል። ከዚህ ውጭ የሆነ ነገር ካየህ ሙከራውን እዚያው አቁም። ጥይት አስገብቶ መሞከር የሚባል ነገር ፈጽሞ አይታሰብ።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። መዶሻው ወርዶ እያለ የመጀመሪያው ስበት ከባድ ነው፤ መዶሻው ከቆመ በኋላ ግን ቀላል ይሆናል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ብልሽት የሚሆነው ቃታውን ስትስበው መዶሻው ጭራሽ ወደ ኋላ አልሄድ ካለ፣ በእጅ ስታቆመው ግን በደንብ የሚሠራ ከሆነ ነው። ያኔ ያለቀው ቃታውን ከመዶሻው የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ አቧራን አትርሳ። አዳማን ታውቃታለህ፤ ተራራው ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። በበጋ ያ ንፋስ የሚያነሳው አቧራ የማይገባበት ቦታ የለም። ሰዉ ደግሞ ሽጉጡን የሞተር ዘይት ያጠጣዋል። ዘይቱ አቧራውን ይይዛል፣ የልብስ ብናኝ ይጨመርበታል፣ ዓመት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጠነክራል። አንድ የመጋዘን ጥበቃ "ቃታው ሞቷል" ብሎ ያመጣልንን ሽጉጥ ፈትተን በነጭ ጋዝ ስናጥበው አንድም ያለቀ ዕቃ አልነበረውም። ከውስጡ የወጣው ጥቁር ጭቃ ብቻ ነው። ያንተም ቃታ ችግሩ ይሄ ከሆነ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ ይጠበው፣ ያድርቀው፣ ስስ ዘይት ይቀባው፣ ከዚያ ይፈትሸው። መርፌውንም ይይልህ። የማካሮቭ መርፌ የሚመልሰው ሞላ የለውም፣ ልቅ ነው። የላይኛው ብረት ተፈትቶ ሲወዘወዝ መርፌው ውስጡ ወዲህ ወዲያ ሲል መሰማት አለበት። በቆሻሻ ተጣብቆ ጫፉ ወደ ፊት ወጥቶ ከቀረ ሲቀባበል ራሱ ጥይት ሊያስነሳ ይችላል።

አሁን ሞረዱን ለምን እንደከለከልኩህ። የጥርሱ ብረት ላዩ በእሳት የጠነከረ ነው። ሞረድ ያንን ጠንካራ ጠርዝ ያነሳዋል፣ ማዕዘኑንም ያበላሸዋል። ለሁለት ሳምንት "ኧረ ቃታው ቅቤ ሆነ!" ትላለህ። ከዚያ ከበፊቱ በፈጠነ ያልቃል። እንዲህ የተሞረደ ሽጉጥ ሥራ ላይ እያለሁ ዓይኔ እያየ ባርቋል። ባለቤቱ በር ላይ ያለው የአሸዋ በርሜል ጋ ቆሞ ሊያራግፈው ነበር። ካዝናውን ሳያወጣ የላይኛውን ብረት ስቦ ለቀቀው፣ ጣቱ ቃታው አጠገብ አልነበረም፣ ጮኸ። ጥይቱ አሸዋው ውስጥ ቀረ። አፈሙዙ በርሜሉ ውስጥ ባይሆን ኖሮ ፊት ለፊቱ ቆመን የምናወራ ሦስት ሰዎች ነበርን። ያንን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ያንን ሽጉጥ የሞረደው ብረት ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በር ቢሠራ፣ መስኮት ቢሠራ እጁ የተባረከ ነው። ግን የሚሞርደው ነገር ምን እንደሚይዝ አያውቅም ነበር። ከመጋዝ ምላጭ ተቆርጣ የምትሠራ ሞላም እንደዚያው ናት፤ ለጊዜው ትገፋለች፣ ከዚያ ትተኛለች።

የሚያዋጣህ ዕቃውን መቀየር ነው። እሱም በዘፈቀደ አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መጠገን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የፍራንኮው ሰው እጁ ቢያምር እንኳ አንተንም ራሱንም ችግር ውስጥ ይከታል። ፈቃድህን ያወጣህበት ፖሊስ ጋ ሄደህ "ተበላሽቶብኛል፣ የት ነው የሚጠገነው?" ብለህ ጠይቅ። ስትሄድ ሽጉጡን ይዘህ አትሂድ፤ መጀመሪያ ፈቃዱን ብቻ ያዝና አነጋግራቸው። አምጣ ሲሉህ ባዶውን፣ ካዝናውን ለብቻ አድርገህ ውሰደው። ከጥያቄህ ጋር የለጠፍከው ፎቶ ላይ ደግሞ የሽጉጡ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እባክህ አሁኑኑ አንሳው።

ባለሙያው ጋ ስትደርስ ጥርሱ ብቻ እንዳይቀየር ንገረው። አዲስ ጥርስ ካለቀ ጎድጓዳ ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላል፤ መዶሻውም አብሮ ይታይ፣ ካለቀ ይቀየር። ሞላዋንም እግረ መንገድህን አስቀይራት፣ ያረጀችውን አትመልስ። ሥራው ሲያልቅ እሱ ራሱ በተፈቀደ ቦታ ይተኩሰው፦ መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንዲት ጥይት ብቻ፣ ያ ደህና ከሆነ ሁለት። አንዴ ተስቦ ሁለት ጊዜ ከጮኸ ወይም መዶሻው አብሮ ከወረደ እንደገና ይፈታ። ያን ሳታይ ስምንቱንም ሞልተህ ወደ ቤት እንዳትገባ።