ሠንጠረዡን ማን አሰመረው?

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ሕግ ተመርቃችሁ አዳማ ላይ የመጀመሪያ መዝገባችሁን የያዛችሁ፤ ከዳኝነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ወስዳኝ ሮበን ደሴትን አይቻለሁ። እስር ቤትነቱ ቀርቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ማንዴላ ክፍል ነው። ወደ 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ናት፤ ሦስት ርምጃ ሳትሄዱ ግድግዳ ትነካላችሁ። ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን በደሴቲቱ አሳልፈዋል። ከመያዛቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት እዚሁ እኛ አገር፣ ኮልፌ፣ ወታደራዊ ሥልጠና ላይ እንደነበሩ ለአስጎብኚያችን ብነግራቸው እንደሚያውቁ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገለጹልኝ። አስጎብኚያችንም የቀድሞ እስረኛ ናቸው።

እኔን ግን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ለጎብኚ የተሰቀለ የምግብ ዝርዝር ነው።

በአፓርታይድ፣ በዘር መድልዎው ሥርዓት ዘመን፣ እስረኛው የሚበላው በዘሩ ተመድቦ ነበር። ክልሱና ሕንዱ ዳቦ አለው፣ ጥቁሩ የለውም። ማርማላታውም እንደዚያው። ሥጋው እንኳ በሚዛን ይለያያል። ልብሱም ከዚህ አልራቀም፦ የማንዴላ የትግል ጓድ አህመድ ካትራዳ ሕንዳዊ ዝርያ ስላላቸው ረጅም ሱሪ ሲሰጣቸው፣ አብረዋቸው የተፈረደባቸውና በ17 ዓመት የሚበልጧቸው ዋልተር ሲሱሉ ቁምጣ ለበሱ።

ጎብኚዎቹ አልፈውኝ ሄዱ። እኔ አምዶቹን አያለሁ። ዕድሜዬን በመዝገብ መካከል ስላሳለፍኩ ይህን ዓይነት እጅ አውቀዋለሁ፤ የጥንቁቅ ጸሐፊ ሥራ ነው፣ ስርዝ ድልዝ አይወድም። ያ ሰው ማንንም በዱላ አልመታ ይሆናል። ደሴቲቱንም በዓይኑ አይቷት ላያውቅ ይችላል። ቢሮው ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ “ዳቦ” ከሚለው ትይዩ “የለም” ብሎ ጻፈ። ምናልባት ከምሳ በፊት ጨርሶታል።

ልፈርድበት ስል የራሴ ቀጠሮ ትዝ አለኝ።

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ ሚያዝያ፣ ያ የምታውቁት የአዳማ ሙቀት። የዋስትና ጥያቄ ቀረበልኝ። እኔ የሠራሁበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ48 ሰዓት ውስጥ ወስን ይላል። (ማንዴላ ኮልፌ የነበሩትም በዚያው በ1954 ክረምት ነው።) መዝገቡ ስስ ነበር፤ እዚያው አንብቤ መወሰን እችል ነበር። ደክሞኝ ነበርና “መርምሮ ብይን ለመስጠት” ብዬ በ14ኛው ቀን ቀጠርኩ። ዓረፍተ ነገሯ ያማረች ናት፤ እናንተም ገና ብዙ ጊዜ ትጽፏታላችሁ።

ስለዚህ ቀጠሮ ከመስጠታችሁ በፊት ሌሊቶቹን ቁጠሩ። ጊዜ ስታገኙም ማረሚያ ቤት ሂዱ፤ ለጉብኝት ተብሎ ግቢው በተጠረገ ቀን ሳይሆን በአዘቦት። የሚተኙበትን እዩ፣ መጸዳጃው ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ፣ ቤተሰብ ስንቅ ይዞ ስንት ሰዓት ደጅ እንደሚቆም ተመልከቱ። እኔ ዳኛ ሳለሁ ይህን አላደረግኩም። ለማየት ሕንድና አትላንቲክ ውቅያኖስ ወደሚቀራረቡበት አገር መብረር ነበረብኝ፤ ከቤቴ በባጃጅ የሚደረስ ማረሚያ ቤት እያለ!

ያን ዓርብ የተከሳሹ እናት በኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው አብሯቸው የሚወጣ መስሏቸው ንጹህ ሸሚዝና ነጠላ ጫማ በፌስታል ይዘው መጥተዋል። ቀጠሮውን ስናገር ተነሥተው እጅ ነሡኝና ፌስታላቸውን አንሥተው ወጡ። በ14ኛው ቀን ዋስትናውን በአምስት ደቂቃ ፈቀድኩ። ፌስታሉ ያው ነበር።