ልጄ «ጌም እየተጫወትኩ እኖራለሁ» ይለኛል

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ20 ዓመት ልጄ በኮሙኒቲ ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ ይማራል፤ ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ይሠራል። ማታ ማታ ግን በሩን ዘግቶ የእግር ኳስ ጌም እየተጫወተ፣ ጨዋታውንም በአማርኛ እያስተላለፈ፣ ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ይለቃል። 1,400 ሰብስክራይበር አለው። ክፍያ ከተፈቀደለት ሦስት ወር ሲሆነው፣ ቪዲዮዎቹ 70,000 ጊዜ ታይተው 84 ዶላር እንዳስገኙለት አሳይቶኛል። አሁን «ኮሌጁን ላቁምና ሙሉ ጊዜዬን ለዚህ ልስጥ፤ ጌም እየተጫወተ በዩቲዩብ የታወቀው ፒውዲፓይም ዩኒቨርሲቲ ጥሎ ነው ሀብታም የሆነው» ይላል። እኔ ኮምፒውተሩን ልወስድበት አስቤ ነበር፤ እናቱ ግን «ተወው፣ ቤት መዋሉ ይሻላል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን አይውሰዱበት። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ላለው ቻናል ነው (በአጫጭር ቪዲዮ የሚመጣ ደግሞ በ90 ቀናት 10 ሚሊዮን እይታ ይጠየቃል)። ልጅዎ ከኮሌጅና ከሱቅ በተረፈው ሰዓት ይህን ማለፉ የሥራ ሰው መሆኑን ያሳያል። ሆኖም ኮሌጁን የሚያስጥል ነገር ገና አላየሁም፤ ይህን የምለውም ከራሱ ቁጥር ተነሥቼ ነው።

84 ዶላር ለ70,000 እይታ ሲካፈል፣ ለአንድ ሺህ እይታ 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። በወር 1,500 ዶላር ልግባ ቢል፣ በዚሁ ሒሳብ በየወሩ 1,250,000 እይታ ያስፈልገዋል፤ አሁን በወር የሚያገኘው ግን 23,000 ገደማ ነው። ከሃምሳ እጥፍ በላይ ማደግ አለበት ማለት ነው። ደግሞም ክፍያ የሚላከው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ፣ 84ቱ ዶላር ገና ኪሱ አልገባም። ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶው የባለቻናሉ፣ ቀሪው የዩቲዩብ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግረው ድርጅት የሚከፍለው ዋጋም ተመልካቹ በሚገኝበት አገር ይለያያል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ቨርጂኒያ ካለው ያነሰ ያስገኛል። በታኅሣሥ የበዓል ገበያ ከፍ ያለው ዋጋ በጥር እንደሚወርድም ያስታውሱት፤ ብዙ ጀማሪ በዚህ ወር ይደነግጣል። በላይቭ ጊዜ ተመልካች በፈቃዱ ከሚሰጠው ገንዘብ ግን 70 በመቶው ለልጁ ስለሚደርስ፣ በየስደቱ አገር ያለውን አማርኛ ተናጋሪ ሰብስቦ የሚያጫውት ከሆነ ከማስታወቂያው ይልቅ ይህ ሊያዋጣው ይችላል።

ስለ ፒውዲፓይ የተናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ትቶታል። ፒውዲፓይ፣ በእውነተኛ ስሙ ፌሊክስ ሼልበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊድን ጎተንበርግ የሚገኘውን የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ሲተው፣ ቪዲዮ እየሠራ ጎን ለጎን ሆት ዶግ ይሸጥ ነበር። 100 ሚሊዮን ሰብስክራይበር የሞላውም በ2019 ነው። ልጅዎ እርሱን ከጠቀሰ፣ የሱቁን ሥራ ለመተው ምክንያት አያገኝበትም።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ጌሙ የኩባንያ ንብረት ነው፤ ቪዲዮ እየሠሩ ገቢ ማግኘት የሚቻለው ኩባንያው ስለፈቀደ ብቻ ነው። ለምሳሌ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ከቪዲዮ ሠሪዎች ጋር የማስታወቂያውን ገቢ የሚካፈልበት ፕሮግራም ነበረው፤ አሁን ያንን ትቶ በመመሪያ ይፈቅዳል። ሙዚቃው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ልጅዎ ከጌሙ ሜኑ ጀርባ የሚሰማውን ዘፈን ሳያጠፋ ቢቀርጽ፣ ወይም ለማሟሟቂያ ብሎ የእውነተኛ ግጥሚያ ጎል ቆርጦ ቢያስገባ፣ የዚያ ቪዲዮ ገቢ ወደ ባለመብቱ ሊዞር ይችላል፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ደግሞ ቻናሉ ሊዘጋበት ይችላል። ድምፁን ሳያስገባ ጨዋታውን ብቻ ለረጅም ሰዓት የሚያሳይ ቪዲዮም ለክፍያ ላይፈቀድ ስለሚችል፣ ያ በአማርኛ ማስተላለፉ እርስዎ እንደሚመስልዎ ጩኸት አይደለም፤ ሥራው እርሱ ነው። አንድ ምሽት በሩን አንኳኩተው አንዱን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረውት ይመልከቱ።

ስምምነታችሁ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ ኮሌጁን ይጨርስ፤ የቻናሉ ገቢ ስድስት ወር በተከታታይ ከሱቁ ደመወዝ ካልበለጠ የሱቁን ሥራም አይተው። በአሜሪካ ሕግ በግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር ይመጣል። የማይክ፣ የካሜራና ለሥራው የዋለው የኢንተርኔት ወጪ ከገቢው ሊቀነስ ስለሚችል፣ ደረሰኝ አይጣል። የሚማረው የሂሳብ አያያዝ አይደል? የመጀመሪያውን መዝገብ በራሱ ቻናል ስም ይክፈት፤ ከ84ቱ ዶላር ይጀምርና በየወሩ መጨረሻ ለእርስዎ ያሳይ።